ፕላስተር

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ በሚያዝያ ፀሐይ፣
ፕላስተሩ ተላጠ ዳሽቦርዱ ላይ።
ከሥሩ ብቅ አለች ቢጫዋ መብራት፤
እኔው ነኝ በመስከረም ሸፍኜ ያኖርኳት፣
ደመወዝ እስኪወጣ፣ "ታገሺኝ" ብዬ።
ስንቴ ወጣ፤ ሁሌ ቀደመ የሱቅ ዕዳዬ።

ዳገት ስትንቀጠቀጥ፣ መንገዱን ረገምኩ፤
ነዳጅ ስታበዛ፣ ቀጂውን ሰደብኩ።

መካኒኩ ደቻሳ ገመዱን ሰክቶ፣
ቁጥሩን አነበበ፤ ደግሞ ጆሮ ሰጥቶ
ሞተሩን ሰማና፣
"ሳል ናት እንጂ" አለኝ፣ "በሽታው ሌላ ነው፤
ያኔ ብትመጣ፣ አንድ ካንዴላ ነው።
አሁን ግን ያልነደደ ቤንዚን እያለፈ፣
የማርሚታውን ሆድ አቅልጦ አረገፈ።"

ዋጋውን ጠራልኝ።
አሮጌ ጎማ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ፣
ጣቴ ላይ የቀረ ፕላስተር እየላጥኩ።