መስመሩ ተይዟል

ጥቁር አንበሳ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ አልጋ አሥራ አንድ፤
ከመስኮቱ ሥር ቸርችል ጎዳና ወደ ለገሀር ሲወርድ።
ምንዳዬ ነቅቷል፤ ቀኝ እጁ ግን ከጎኑ ተኝቷል፤
«ስምዎ ማነው?» ትለዋለች፤ ያውቀዋል፣ አፉ እንቢ ብሎታል።

ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን የቴሌ ጉድጓድ ወርደናል፣
ከፖስታ ቤት እስከ ፒያሳ መዳብ ከመዳብ ቀጥለናል።
ክረምት፣ ውሃው ጉልበት ሲደርስ፣ ባትሪው ሲሞት፣ ሲጨልም፣
ጥንዱን በጣቱ ቆጥሮ የሚያገኝ ከሱ ሌላ አልነበረም።
ትናንት ማንኪያ ሰጠሁት፤ በግራው ተቀበለው፣
ቀኙን ግን፣ ሥራ እንደለገመ ልጅ፣ ቁልቁል ታዘበው።

ዶክተር ሐሊማ ፊልሙን ከመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋች፤
«እዚህ ጋ፣ በግራ፣ ደም ተቋርጦባት ጠቁራለች» አለች።
«ቃል የሚሰናዳው እዚች ናት፣ ከግራ ቅንድብ ጀርባ ያለች ሠፈር፤
ቀኝ እጅን የሚያዘው ጎረቤቷ ነው፣ የሚለያቸው አንድ አጥር።»
«ግራው ታሞ ቀኙ ለምን ይቀጣል?» አልኳት።
«ይሻገራላ» አለች፤ ማጅራቴን በእስክሪብቶዋ ነካችኝ፤
«እዚህ፣ ከአንጎል ግንድ ግርጌ፤ የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ።»

ዝም አልኩ።
የተሻገረ ጥንድ ካገኘን እኔና እሱ ተሳድበን፣
ፈትተን ነበር የምንቀጥል፣ የቀጠለውን ረግመን።
እዚህ ግን መሻገር ነው ልኩ። የሚረገም ሰው የለም።

ሚስቱ ዘነቡ ጠየቀች፦ «ሌላውስ? ሌላው ደኅና ነው?»
«ደኅና ነው።» ቆጠረችላት፣ ሁሉን በየቦታው፦
ከኋላ ታች ትንሹ አንጎል፣ እርምጃን የሚያስተካክል
(ሰው ከመንገዳገዱ በፊት መጀመሪያ እሱ ይሰክራል)፤
ከሥሩ ግንዱ፣ የሌሊት ተረኛ፣ ተኝተንም የማይተኛ፣
ትንፋሽና የልብ ምት ጠባቂ፣ ፈቃድ የማያውቅ ሠራተኛ፤
ከዚያ ኅብለ ሰረሰር፣ ዋናው ኬብል፣ በአከርካሪ አጥንት ቱቦ፣
እየተከፈለ፣ እየቀጠነ፣ እስከ እግር ጣት ተስቦ።
«የጋለ ብረት ስትነኪ» አለች፣ «እጅሽ ቀድሞ ይሸሻል፤
ትእዛዙ እዚያው ከአከርካሪ ነው፤ አንጎል ወሬውን ኋላ ይሰማል።»
የሠፈር ጥሪ ማለት ነው፤ ዋናው ጣቢያ ሳይደርስ ያለቀ።

ማታ በብሔራዊ ቴአትር ሳልፍ አሰብኩ፤ ቋንቋችን አድልቷል፦
ማስተዋልን ለልብ ሰጥቶ፣ ምስጢርን ለሆድ ሸልሟል፣
ሐዘኔታን ለአንጀት። ለአንጎልስ? መዞር ብቻ፣ «ናላዬ ዞረ»፤
ስሙንም ከጭንቅ ቆርጦ ነው መሰል ጭንቅላት ብሎት ቀረ።
አሰብኩ እላለሁ። በምን?
በልቤ፣ እል ነበር እስከ ትናንት።
ኪሎ ከምናምን የሚመዝን፣ እንደ ረጋ እርጎ የላላ፣
ያን ሁሉ ጥሪ እያገናኘ አንድም ቀን ያልተመሰገነ ናላ።

ዛሬ ሳልሰናበተው፣ ጎንበስ ብዬ፣ እንደ ጉድጓዱ ዘመን፣
«ሰማያዊ» አልኩት፣ ጥንድ ስንቆጥር እንደምናዜመው ሁለታችን።
ከንፈሩ ተላወሰ።
«ብርቱካን።»
ደነገጥኩ።
«አረንጓዴ። ቡኒ። ግራጫ።»
አንድም አልዘለለ። ቅደም ተከተሉን ጠብቆ፣ በዜማው።

ሐኪሟ ከበሩ ተመለሰች። «በዜማ የተያዘ፣ በቃል የተጠና፣
አንዳንዴ በሌላ መንገድ ይመጣል፤ የቀኙ ወገን ያውቃልና።»
አልተቆረጠም፣ አልኩ ለራሴ። መስመሩ ተይዟል።

ዘነቡ እኛን አልሰማችንም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣
ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ፣
«የኔስ ስም?» አለችው።
ረዥም ጊዜ ፈለገው። ግንባሩ ላበ።
ከዚያ፣ ጥርት አድርጎ፣ «ግራጫ» አላት።

ሻሿን ገፋ አድርጋ ፀጉሯን ነካች።
«ልክ ነው» አለችው።