ጋደል ያለች ኤክስ

ስምንት ሰዓት ነው፤ ከዚራ የዛፉ ጥላ እንኳ ላብ ያልበዋል፤
ማራገቢያዬ ያንኑ ትኩስ አየር ተሸክሞ ይዞራል።
ጋሽ ሮብሌ ገቡ፣
ፍላሽና ፊሽካ አንገታቸው ላይ፣ በአንድ ክር፣
የስምንተኛ ክፍል ፈተና፣ አምስት ገጽ፣ ሃያ ሰባት ቀመር።

«ኢፍቱ» አሉኝ፣ «ጽሑፉ ሌላ፣ ቀመሩ ሌላ፤
አማርኛው ደልደል ያለ፣ ኒያላ፣
እኩልታው ግን ከሲታ፣
ሠርግ ቤት ተሳስቶ ገብቶ የቆመ ይመስላል፣ በዝምታ።
አንድ መልክ ስጪያቸው።»

ቀላል መስሎኝ።
ቃል እኮ ጠቅ ሲያደርጉት ይታዘዛል፤
ቀመር ሣጥን ውስጥ ነው፤ በሩን ብታንኳኳም ማን ይሰማል?
ኒያላ አልኩት፤ ዝም።
ታይምስ አልኩት፤ ዝም።
ካምብሪያ እንደ ቀበሌ ቤት ተከራይ
ውል አላት፤ አትለቅም።
ጥግ ላይ አንዲት ቁልፍ አገኘሁ፣ «ተራ ጽሑፍ» የምትል፤
ስጫናት ሣጥኑ እጅ ሰጠ።
ግን ጋደል ብላ የነበረችው ኤክስ
ቀጥ ብላ ቆመች፣ ሰልፍ ላይ እንደ ተቆጡት ተማሪ።

ሃያ ሰባቱንም፣ አንድ በአንድ፤
ክፍልፋዩን፣ ሥሩን፣ ራስጌ የተንጠለጠለችውን ትንሽ ሁለት።
ሳልፈታው ነው የምጽፈው፤
አሥረኛ ላይ ሒሳብ ጥሎኝ እዚህ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።
የሰፈሩ ሰው ይስቃል፦ ባሏን ፈታች እንጂ ኤክስን አልፈታችም።
እውነት ነው።
ባል ይቀላል።

አተምኩት። ወረቀቱ እንደ ፈጢራ ይሞቃል።
መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው
አንደኛውን አለፉ፣ ሁለተኛውን አለፉ፤
አሥራ አራተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ።
ሦስት ኤክስ ሲባዛ በሁለት ኤክስ፤
ሦስት ጭረተ መስቀል፣ እኩል ቁመት፣ እኩል ውፍረት።
«ይቺ ማናት?» አሉ። «ይቺኛዋስ?
የትኛዋ ናት የምታባዛው?
የትኛዋ ናት የምትፈለገው?»

ኪሳቸው ጠመኔ አያጣም።
የመደርደሪያዬን ጥቁር ጎን ሰሌዳ አደረጉት፦
«ማባዣዋ ይቺ ናት። ሁለት ሐዲድ፣ ጣቢያው ጋ የሚተላለፍ፤
ባቡር መጣ ቀረ፣ እሷ ምን ገዷት።
ይቺኛዋ ግን...» ሁለት ቅስት ሳሉ፣ ጀርባ ለጀርባ፣
«የተኳረፉ ባልና ሚስት ናቸው፤
አንዱ ወደ ግድግዳ፣ አንዷ ወደ በር።
እኔን ያስተማሩኝ የወርክሾፕ ሰው እንዲህ ነበር የሚስሏት።
እስቲ እይ፣ መሐል ላይ ግን ይነካካሉ።»

አየሁ።
አስበው ተናገሩት፣ ሳያስቡት፣ እኔ እንጃ።

የመመለሻውን ቁልፍ ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፤
ሃያ ሰባተኛው ላይ ያለችው ጋደል፣ ሃያ ስድስተኛው ላይ ያለችው ጋደል፣
አሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ መብራት ሄደ።

ማራገቢያው ቀስ እያለ ደከመ።
ከደቻቱ ወዲያ የአንድ ሀብታም ጄኔሬተር ማሳል ጀመረ።
ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ።
ስለ ባሌ አልጠየቁኝም፤ ስለ ኤክስ ጠየቅኳቸው እንጂ፤
ለምን ጋደል እንደምትል፣ ለምን እሷ ብቻ።
«ቁጥር ራሱን ያውቃል፣ ቀጥ ይላል» አሉ፤
«እሷ ገና ማን እንደሆነች አልተነገራትም።
በይ፣ ሦስት ሲደመር ኤክስ አሥር ቢሆን፣ ማን ናት?»
«ሰባት።»
«ይኸው ፈታሻት።»
የብርቱካኑን ፍሬ ከምላሴ ላይ አንስቼ
የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

መብራት ሲመለስ ማሽኑ የጥዋቱን አወጣ፤
ሁሉም ካምብሪያ፣ ሁሉም ጋደል፣ የሁለት ሰዓት ልፋቴ የለም።
«ተዪው» አሉ። «እንግዳ ትሁን።
አገሬውን ከመሰለች ልጆቹ እንዴት ይፈልጓታል?»
የአምስት ገጽ ከፈሉ። ላቤን ማንም አልቆጠረው።

ማታ ልዘጋ ስል እርጥብ ጨርቅ አነሳሁ፤
መደርደሪያው ጎን ጠመኔው አለ።
ሐዲዱን አጠፋሁ።
ሌላዋን ተውኳት።