ሁለት መቶ ሜትር

«ቤትህ ወንዝ ገብቷል አሉኝ» አለ ጋሽ ስንሻው፣
እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ እንኳ ሳያነሣው።
«ዝናብ አልጣለ፣ ጎርፍ አልመጣብኝ፤
ማነው ተኝቼ ሳለሁ ቤቴን የወሰደብኝ?»

ወረቀቱን አየሁት። ማኅተሙ የወረዳ ነው።
ከዶሮ ማነቂያ ቁልቁል፣ ቀይ ነጥብ ያረፈው
ከራስ መኮንን ድልድይ በታች፣ ከውሃው ከቆሻሻው መሐል፤
«የይዞታ ቁጥር አሥራ ሰባት» ይላል።

ቀያሽ ነኝ፤ ስህተቱን ገና ሳየው አወቅኩት፤
ለሰው መንገሩ ነው የከበደኝ። እንዲህ ስል ጀመርኩት፦

«ጋሽዬ፣ ቤቱ አልሄደም። የሄደው መነሻው ነው።
ድሮ አገሩ ሲለካ፣ የመጀመሪያው ችካል የተተከለው
አዲንዳን በምትባል ቦታ፣ ኑብያ በረሃ፣ ከዓባይ ዳር፤
ከዚያ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን፣ ተራራ ለተራራ ሲሻገር፣
ምድርን ከላይ ከታች በመጠኑ ጨፍልቆ ገምቶ፣
እዚህ ደረሰ፤ ቁጥር ሰጠህ፣ በርህን ተመልክቶ።

አሁን የምንለካው ከሰማይ ነው፤ መነሻው የምድር እምብርት።
የዱሮውን ቁጥር ሳያዛውር፣ አንድ የቢሮ ልጅ ‹ምን አለበት›
ብሎ ባዲሱ ላይ ደረበው፤
ሁለት መቶ ሜትር ቁልቁል ሸሽቶ ቤትህን ወንዝ አስገባው።»

«ሁለት መቶ ሜትር!» አለ። ጠመኔው ከእጁ ወድቆ ተከሰከሰ።
«እኔ ሁለት ሳንቲ ስቼ ስንቱ ሙሽራ ኮት መለሰ!»

ላጽናናው ብዬ ደግሞ ነገሩን አወሳሰብኩት፤
ምድር ክብ፣ ካርታ ዝርግ መሆኑን አወራሁት፤
ክቡን ስትዘረጋው የሆነ ቦታ መወጠሩ፣
የሆነ ቦታ መሸብሸቡ እንደማይቀር ነገሩ።

ሳቀ።

«ይህንንማ» አለ፣ «ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖርኩበት።
ጨርቅ ዝርግ ነው። ትከሻ ክብ ነው። የሚተርፍ ሽብሽብ አለበት።
ማጥፋት አይቻልም፤ ሥፍራ ነው የሚመረጥለት፤
እኔ ብብት ሥር እከተዋለሁ፣ ሰው ዓይን በማይጥልበት።
የናንተ ብብት የት ነው?»

ዝም አልኩ። ከዚያ ነገርኩት፦ ሠላሳ ዘጠነኛው መስመር
ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው፤ በሱ ግራና ቀኝ፣ ካርታው ሲሰመር፣
ከያንዳንዱ ሺህ ሜትር አርባ ሳንቲ ይቀንሳል፤
ከሱ እየራቀ ሲሄድ ግን ዳር ዳሩ ላይ ይሰፋል።
«አርባ ሳንቲ!» አለ። «የሕፃን ሱሪ ይወጣዋል።»

አንድ ነገር ደብቄው ነበር። ግን አላስቻለኝም፦
ያ መነሻ ችካል፣ አዲንዳን፣ ዛሬ የሚደርስበት የለም።
ግድብ ተገድቦ፣ ሐይቁ ሲንጣለል ከሥሩ ቀረ፤
የስንት አገር ልክ የተነሣበትን ድንጋይ ዓሣ ሲዞረው አደረ።
ውሃውም ከኛው የወረደ ነው፤ ክረምት ክረምት ደልቦ
የምንለካበትን አሰጠመው፣ ያገራችንን አፈር ተከናንቦ።

ጋሽ ስንሻው መርፌውን ከከንፈሩ ነቀለ።
«እና ወንዝ የገባው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁማ!» አለ።

በሦስተኛው ቀን ቁጥሩን አዛውሬ አስተካከልኩ፤
ቤቱን ከወንዝ አወጣሁት፤ ወረቀቱን ራሴ ይዤ ሄድኩ።
የኮቴን ብብት አይቶ «የማን ስፌት ነው?» አለና ፈታው፤
ሲመሽ መለሰልኝ። ገንዘቤን አልነካው።

ባራተኛው ዓመት ሰፈሩ ተነሣ።
ቆርቆሮው፣ ጭቃው፣ የቧንቧው ወረፋ ሳይቀር ተነሣ።
ልለካ ወረድኩ፣ አስፋልቱ ገና ሳይፈስበት፤
መሣሪያዬ ጮኸ፦ እዚህ ነው፤ አሥራ ሰባት፤
ሳንቲ አልተዛነፈም። ቤት ግን የለበት።

ኮዬ ፈጬ ሄጄ ጠየቅኩት። አምስተኛ ፎቅ፣
የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ ክሩ እንደ ዱሮው ድርድር፣ ጨርቁ ድርቅ።
«ለገበያ ሩቅ ነው ወይ?» አልኩት።
«ከየት?» አለኝ። «ከዚህ ነዋ» ስለው፣
ጥቂት አሰበ። «ከዚህ አልለካሁም።
ከደጄ ግን ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ነው።»