መስመሩ ተይዟል

መጋቢት ነው፤ ኔብራስካ ላይ በረዶው ገና አልጠፋም፤
ኬብል ቀባሪው ማረሻ ግን ለብርድ አይሰንፍም።
ከፒክአፑ ኋላ፣ በሰማያዊ ድንኳን ሥር ተጎንብሼ፣
ፀጉር የማታህል የመስታወት ክር በአልኮል አብሼ፣
ጫፏን ከጫፍ ገጥሜ በብልጭታ እበይዳለሁ፤
እጄ ከተንቀጠቀጠ
ስንት ቤት ጨለማ እንደሚያድር አውቃለሁ።

ከተማ ያለው ኩባንያ ቤቱን ለማይል አካፍሎ፣
ሄደ፤ «አያዋጣም» ብሎ።
ሁለት መቶ አሥራ አንድ አባል፣ ጥጃ ሸጦ፣ ድርሻ ገዝቶ፣
በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሦስት ክረምት ተሟግቶ፣
ይኸው ቆፈረ።

የቨርል ልጅ ዴላኒ የአልጀብራ መልሷን ልትሰድ፣
ሃያ ስድስት ማይል ይነዳሉ በሚያንሸራትት መንገድ።
ከተዘጋው ቤተ መጻሕፍት ደጅ ፒክአፑን አቁመው፣
ከግድግዳው የሚያፈተልከውን ዋይፋይ እንደ ጥላ ተጠግተው፣
አባት መሪው ላይ ያንቀላፋል፣
የልጅቱ ጣት ይቀዘቅዛል።

የቀረን አንድ ፊርማ። አርዲስ ቭልቼክ ትባላለች፤
በሰማንያ አራት ዓመቷ አጥሯን ራሷ ትጠግናለች።
በሷ መሬት ካላለፍን ሰሜኑ ሁሉ ይቀራል፤
ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮ፣ ሁለቴ በሩን አይቶ ተመልሷል።
ሦስተኛው እኔ ሆንኩ፤ ባዳ አይሰደብም ብለው ይሆናል።

ወንበር ሰጠችኝ እንጂ፣ ውሃ እንኳ ጠጣ አላለችም፤
ስሜንም አልጠየቀችም።

«ያንን አጥር ታያለህ?» አለች፣ ጣቷን ወደ መስኮቱ ቀስራ፤
«አባቴ ከጎረቤት ጋራ
ስልክ ያስኬደው በዚያ እሾሃም ሽቦ ነበር።
ኋላ ምሰሶ ቆመ፤ ቢሆንም ለአሥራ አራት ቤት አንድ መስመር።
የኛ ጥሪ፦ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፤
ማንም ይጠራ ማን፣ ሁሉ አንሥቶ ያደምጣል፤ የቱ ምሥጢር!

በስልሳ ሁለት፣ በየካቲት፣ ዱዌን ትንፋሽ አጠረው።
ስልኩን ሳነሣ፣ ሁለት ሴቶች መስመሩን ይዘው፣
ስለ ኬክ ያወራሉ፤ ስንት እንቁላል፣ ስንት ስኳር...
‹ልቀቁልኝ፣ ልጄን!› አልኩ።
ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነበር።»

ዝም አለች። እኔም ዝም። ማቀዝቀዣው ብቻ ያጓራል።

«ያንተኛው ክር» አለች በኋላ፣ «አንዱ ሲያወራበት፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል?»
«አይጠብቅም። አገር ምድሩ ባንዴ ቢጮህ፣ ሁሉንም ይሸከማል።»
«ማንስ ይሰማዋል?»
«የተጠራው ብቻ» አልኩ፤
ሙሉ እውነት እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ ጫማዬን አየሁ።

ብዕሬን ከደረት ኪሴ ራሷ መዘዘች።
«ስልሳ ዓመት ዘገያችሁ» አለች።
«ቆፍር።»

የሄደው ሁሉ አልተመለሰም። ፖስታ ቤቱ እንደተዘጋ ነው፤
ትምህርት ቤቱም ዘንድሮ ዘጠኝ ልጅ ነው ያለው።
ቨርል ግን ጊደሮቹን ከሶፋው ላይ ያጫርታል፣
ምጥ የያዛትን ላም በውድቅት በሞባይሉ ያያል፣
ከዚያ ቦት ጫማውን አጥልቆ፣ እየተራገመ ይወጣል፤
ካሜራ ጥጃ አይስብም።
ዴላኒ ከኩሽናው ጠረጴዛ አልተነሣችም፤
አልጀብራው ግን እንደ በፊቱ ከብዷታል፣ ለሱ ኬብል አላገኘንም።

የአርዲስን ልብ ማክሰኞ ማክሰኞ
ከካርኒ አንዲት ነርስ በስክሪን ታዳምጣለች።
ማታ ሲሆን፣ የሞደሙ አረንጓዴ መብራት እንቅልፍ ስለሚነሳት፣
በሳህን ማድረቂያ ጨርቅ ትሸፍነዋለች፣
ቀስ ብላ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ።

«ለምን አታጠፊውም?» አልኳት።

«ሰው ቢጠራስ?»