ያኛው ጆሮ

ና መቻል፣ ቁጭ በል፤ ጆሮህን ስጠኝ፣
ደንገል ውስጥ እንዳደርክ ጠረንህ ነገረኝ።
ይኸው አንድ መዥገር፣ ይኸው ሌላ ደግሞ፣
ደምህን ሲመጥጥ ያደረ ታድሞ።

አፍህን ክፈተው፤ አይዞህ፣ ልየው ጥርስህን፣
የቀረሶ እሾህ ነው ባለፈው የወጋው ድድህን።
ከእንግዲህ አጥንቱን ለቅሜ ነው የምሰጥህ፣
ብታለቃቅስም፣ ጅራት ብትቆላም ፊቴ ተቀምጠህ።

ሐኪሙ መርፌውን ሲያዘጋጅ ጠየቀኝ፦
«ዕድሜው ስንት ይሆናል?» ቁጥሩ መች ታወቀኝ!
«እንቦጭ ጣናን የወረረ ዓመት» አልኩት፣ «ከአረሙ መሀል
ቡጢ አክሎ አገኘሁት።» ሳቀና «ጎልማሳ» ብሎ ጽፎልሃል።

ጎልማሳ! እንደኔ። ደመና ሲከብድ ወገቡን የሚያመው፣
ከመነሳቱ በፊት አንዴ አቃስቶ ዓለምን የሚያማው።

አቶ ጓንጉል በአጥር አንገታቸውን አውጥተው
«ውሻ እንደ ሙሽራ!» ይላሉ።
ይበሉ! አንተ ስትነቃ ነው የሚተኙት፣ ረስተው።

ጠጣ፤ ከሐይቁ አይደለም፣ ከቆርቆሮው፣ ከደጃችን፤
ነገ ዓባይ መውጫ ድረስ እንሄዳለን፣ ቀስ ብለን፣ እንደ አቅማችን።
አሁን ዙር።
ያኛው ጆሮ ቀረ።