ቆሎ ዘሪው

ሐምሌ ገባ። ትምህርት ቤት ተዘጋ።
ከሌት ፈረቃ ወጥቼ፣ ልደታ፣ አራተኛው ፎቅ ስደርስ ሲነጋ
ሁለቱ ልጆቼ በር ላይ ተገትረው
«ዛሬ ምን እንሥራ?» አሉኝ ተባብረው።
«አበባ» አልኳቸው በእንቅልፍ ልቤ፣
ይረሱታል ብዬ፣ ትንሽ ልተኛበት አስቤ።

አልረሱም።
ብስራት ስድስት ዓመቷ ነው፤ የተባለ አይጠፋትም።
ኖላዊ ገና ሦስት፤ ከእህቱ አፍ ያልሰማውን አያምንም።

ወረድን ወደ ጉሊት። እትዬ ትብለጥ ጥሬ ሱፍ እየሰፈረች
«ለጾም ነው?» ብላ ጠየቀች፤
«ለመዝራት» ስላት ሣቀችና አንድ እፍኝ መረቀች።
አፈሩን ጋሽ ደበላ፣ የግቢው ዘበኛ፣ በፌስታል ሰጡን፤
«ሱፍ ሞኝ ነው፣ የትም ይበቅላል፤ አትጨነቁ» አሉን።

ዕቃችን ወገቡን የቆረጥነው የዘይት ጀሪካን፣
ከሦስት የእርጎ ኩባያ ጋር፤ ታች ታቹን በጋለ ሚስማር በሳን።
ብስራት ጣቷን እስከ አንደኛው አንጓ እየነከረች
በየጉድጓዱ አንድ ፍሬ፣ ሹሉን ወደ ታች፣ ቀበረች።

ኖላዊ ግን ዞር አለ፤
ከኪሱ የትናንት ቆሎ አወጣ፣ ገብስ ከሽምብራ የተቀላቀለ፤
ኩባያው ውስጥ ጨምሮ አፈሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤
«የእኔ ቆሎ ነው የሚያድገው!»

ብስራት አፏን ስትከፍት በዓይኔ ያዝኳት፤
የተቆላ እንደማይበቅል፣ የሦስት ዓመት ልጅ ማርዳቱ ምን አስቸኮላት?

ዝናቡ እዚህ አይደርስም፣ የላይኛው በረንዳ ጣራችን ሆኖ፤
ቧንቧው በፈረቃ ነው፤ የሩዝ እጣቢ አጠጣን፣ በሃይላንድ ተከዝኖ።
ከታች ባቡሩ ሲያልፍ ኩባያዎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤
ልጆቹ ተሯሩጠው «ሊወጡ ነው!» ይላሉ።
ኖላዊ በየጠዋቱ ቆሎውን ቆፍሮ ያያል፣ መልሶ ይቀብራል፤
«ተኝቷል» ይለኛል በሹክሹክታ። «አትቀስቅሰው፤ እንደ አንተ ማታ ይሠራል።»

በሰባተኛው ቀን የብስራት ሱፍ አንገቱን አቀና፣
ቅርፊቱን እንደ ቆብ አናቱ ላይ እንደደፋ ገና።
የኖላዊ ኩባያ ግን ጠፍ መሬት፤
ጥቂት ሻጋታ፣ መንገድ የጠፋው አንድ ጉንዳን፣ ዝምታ ያለበት።

ያን ሌሊት ተረኛ አልነበርኩም።
በባትሪ፣ እንደ ሌባ፣ ኮሽታ ሳላሰማ ምንም፣
ከጀሪካኑ አንድ ቡቃያ ከነአፈሩ በማንኪያ አነሣሁ፤
ቆሎውን ለቅሜ ኪሴ ከተትኩ፣ ቡቃያውን በቦታው ተካሁ።

ሲነጋ ጩኸት፦ «ቆሎዬ በቀለ!»
ፎቁ ሁሉ ተጠርቶ አየው፤ «አበጀህ፣ ገበሬው!» ተባለ።
ብስራት የራሷን ቡቃያዎች ቆጥራ ጨረሰች፤
አየችኝ፣ ረጅም። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ዝም አለች።

ማታ ልብስ ስናወርድ፣ መቆንጠጫውን እያቀበለች
«የእኔን ነው አይደል የሰጠኸው?» አለች።
«አዎ።»
«ብትጠይቀኝ እሰጠው ነበር።»
አርባ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ
እርጥብ ሸሚዝ ታቅፌ ቀረሁ፣ የምለው ጠፍቶኝ፣ ዓይኔን ከገመዱ ላይ ተክዬ።

መስከረም ሲጋመስ፣ ቀጫጫም ቢሆን፣ ሱፉ ፈነዳ፤
የታችኞቹ አንገታቸውን አወጡ፣ ቀና ብለው ሊያዩት፣ ከየበረንዳ።

ዛሬ ለሥራ ስወጣ ኖላዊ ሮጦ መጥቶ እፍኝ ቆሎ ሰጠኝ፤
«ሁሉንም አትብላው» አለኝ።