የሉባባ ዶሮ

ቢስቲማ ከተማ፣ በስድስተኛ «ለ»፣
«ንግግር ማቅረብ» የሚል ትምህርት አለ፤
አምስት ደቂቃ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት፣
ቆሞ መናገር ነው፣ ያለ ወረቀት።

በጥቅምት ወጣች ሉባባ ይመር፣
ስለ መንገዷ ልትነግረን ነበር።
«ከወንዙ ማዶ ነው፣ በግሬ መጥቸ…»
ስትል ከአፏ ነጠቅሁ፣ ቃሏን አቋርጬ፦
«‹መጥቼ› ነው የሚባል! ድገሚው፣ ‹መጥቼ›!»
(ስንኙም እዚህ ላይ ቤት መምታት አቃተው።)

ሳቁባት ልጆቹ። ያንኑ ነው የሚሉት፤
በር ላይ እንደ ጫማ አውልቀው ቢተዉት።

ሉባባ ተቀመጠች። ኅዳርም ታኅሣሥም
አንገቷን ከመስበር ሌላ መልስ አትመልስም።
በውጤት መዝገቤ፣ በንግግር ዓምድ ላይ
ሦስት ከዐሥር ጻፍሁ፤ «ዓይን አፋር» ከላይ።

ጥር ላይ ገበያ ዶሮ ልገዛ ሄድሁ፤
ከግራሩ ጥላ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ።
አንድ የሐርቡ ነጋዴ ከፊቷ አቁማ፣
የእኔዋ ዝምተኛ፣ ገበያው እስኪሰማ፦

«ወየት ነው አካሄድ ዋጋ ሳትጨምር?
አብሽር፣ ስለዚች ዶሮ እኔ ልመስክር፦
ጭልፊት ሁለት ጊዜ አንስቶ ጥሏታል፣
ክብደቷን ፈርቶ ነው፣ ክንፉ ዝሎበታል።
ትናንት የጣለችው ሁለት አስኳል አለው፣
ከሚስትህ ሳትጣላ ለየብቻ ብላው።»

ሰውየው ሳቀ፣ ከፈለ፣ ዶሮዋን አቀፈ፤
«ዓይን አፋር» የሚለው ቃሌ እዚያው ረገፈ።

ሰኞ ጠመኔዬን ኪሴ ውስጥ ከተትሁ፤
ደብተር ጠቀለልሁና «ይህች ዶሮ ናት» አልሁ።
«ሉባባ፣ ነይ ውጪ፤ ስንት ነው ዶሮሽ?
ሁለት መቶ ብር ነው፣ አልጨምርልሽ!»

ጣሪያውን አየች። ወለሉንም አየች።
ከዚያ ወገቧን ይዛ፣ ቀስ ብላ ጀመረች፦
«በዚህማ ዋጋ ላባዋን ይውሰዱ፤
ሥጋዋን ደመወዝ ሲመጣ ይውደዱ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይኼኛው ሳቅ ሌላ፣
የሚጋብዝ ነበር፣ አንድ ላይ የሚያበላ።

«ገዥው ከሩቅ መጣ፣ አገርሽን አያውቅ፤
እንዴት ትሸጫለሽ?» አልኋት በመጠንቀቅ።
ቆም አለች፣ አሰበች። «መጥቼ» አለች ቀስ ብላ፣
እንደሚመነዘር ብር፣ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላ።

ሁለቱም ብር ነበር። ሦስቱን ሰረዝሁት፤
«ዓይን አፋር»ን ግን አልፋቅሁም፣ ለራሴ ተውሁት።

ማታ ላይ እናቴ ከወግዲ ደወለች፣
«ወየት ጠፋህ ልጀ? ድምፅህስ?» እያለች።
ኮሌጅ ሳለሁ ተኩሼ፣ አጥፌ ያኖርሁት
ያ አፍ ተዘረጋ፤ እኔም አልመለስሁት፦
«አለሁ እማ» አልኋት፣ «ገና አሁን መጥቸ፤
ዶሮ ስገዛ ነው፣ ከልጅ ተሟግቸ።»